ከሴት በኋላ ወንድ

ሕጉን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ከሌላ ሰው ከምትሰሙት አስቀድሜ ብናገረው ይሻላል።

በፖርት-ላ-ሉትር ኮሌጅ የተማሪዎች ማኅበር ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ለዓመታት ሲያወሩ የኖሩት ወንዶቹ ናቸው። በግምት አይደለም፤ ቆጥሬያለሁ። አንድ የሚያዝያ ጉባኤ ላይ አርባ አንድ ሰው ተናገረ። ሰባቱ ሴቶች ነበሩ፤ ከሰባቱ ሁለቱ የተናገሩት መስኮት ይዘጋልን ብለው ነው። የሲቪል ምህንድስና ልጆች ማይክ ከያዙ አይለቁም። አንዱ ጨርሶ ሲቀመጥ ጓደኛው ይነሳና “እሱ ያለውን ለማጠናከር ያህል” ይላል፤ ሦስተኛው ደግሞ የሁለተኛውን ያጠናክራል። በኮሌጁ ከአሥር ተማሪ ስድስቱ ሴቶች ናቸው።

ስለዚህ እኛ የሴቶች ኮሚቴ አባላት፣ አምስት ሆነን፣ በመስከረም ጉባኤ ላይ አንድ ሕግ አቀረብን። አረቃቀቁ የእኔ ነው። “በጉባኤ ላይ ከሴት በኋላ ወንድ፣ ከወንድ በኋላ ሴት ይናገራል። ሁለት ሴቶችም ሆኑ ሁለት ወንዶች በተከታታይ አይናገሩም።” በጭብጨባ ጸደቀ። ወንዶቹም አጨበጨቡ። ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ።

ሕጉን ካወጣሽው አስፈጽሚው ተብዬ የንግግር ተራ መዝጋቢ ሆኜ ተመረጥኩ። ሥራው ቀላል ነው። መድረኩ ጥግ ካለች ጠረጴዛ ኋላ ተቀምጬ እጁን ያወጣውን ሰው ስም በሁለት ዓምድ እጽፋለሁ፤ በግራ ሴት፣ በቀኝ ወንድ። መዝጋቢ አይናገርም፣ አይደግፍም፣ አይቃወምም፣ ከጠረጴዛው አይነሳም። ሴቶች እንዲናገሩ ሕግ አውጥቼ ራሴ አፌን የምዘጋበት ወንበር ላይ ተቀመጥኩ ማለት ነው። ደስ ብሎኝ ነበር፤ አልዋሽም።

አሁን ስለ ማይካ። ማይካ አብራኝ የምትኖር ልጅ ናት። ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ኦፌሊ የምትባል የሁለት ዓመት ተኩል ልጅ አለቻት። አባትየው አልበርታ በሚባል ሩቅ ክፍለ ሀገር ነዳጅ ማውጫ ልሥራ ብሎ እንደሄደ እዚያው ቀልጦ ቀረ። ማይካ የሕፃናት አስተዳደግ ተማሪ ስትሆን፣ በዚያ ዓመት የመጨረሻውን የሥራ ልምምዷን በአንድ የሕፃናት ማቆያ ትሠራ ነበር። በጥር መጨረሻ ኦፌሊ ታመመችና ማይካ ሦስት ቀን ቀረች። የትምህርት ክፍሉ መመሪያ ከልምምድ ከሁለት ቀን በላይ የቀረ ወድቋል፣ ዓመቱን ይደግማል ይላል። ለምን ቀረህ ብሎ አይጠይቅም። ማይካ ዓመቱን ከደገመች የተማሪ ድጎማዋ ይቋረጣል፤ ድጎማው ከተቋረጠ ትምህርቱም እዚያው ላይ ያበቃል።

የሲቪል ልጆችም ልምምድ ይወጣሉ። እነሱ ግን ይከፈላቸዋል። ስለሚከፈላቸው ሕግ ሠራተኛ ይላቸዋል፤ ሠራተኛ ስለሆኑ የሕመምም፣ ልጅ የማስታመምም፣ የዓመትም ፈቃድ አላቸው። የነርሲንግ፣ የሕፃናት አስተዳደግና የማኅበራዊ ሥራ ተማሪዎች አይከፈላቸውም፤ ስለዚህ ሕግ አያውቃቸውም። በእነዚህ ሦስት ክፍሎች ያሉትን ወንዶች ሁሉ በአንድ የቤት መኪና ጭኖ መሄድ ይቻላል።

የኮሚቴያችን ሰብሳቢ ሎራንስ የውሳኔ ሐሳቡን አዘጋጀች፤ ኮሌጁ ለማይከፈላቸው ተለማማጆች ያንኑ ፈቃድ ካልሰጠ ከሰኞ ጀምሮ ተማሪው በሙሉ ትምህርት ያቆማል የሚል። ጉባኤው ለረቡዕ ተጠራ። ዲኑ የማይካን ጉዳይ የሚወስኑት ዓርብ ነው። ሌላ ጉባኤ ለመጥራት ደግሞ የአሥር ቀን ማስታወቂያ ያስፈልጋል። ረቡዕ ካልሆነ አልሆነም።

ዝግጅታችን የሚያስመሰግን ነበር። ሁለት መቶ ማስታወቂያ አትመን በየግድግዳው ለጠፍን። “ወንዶች፣ ረቡዕ ዕለት ጆሮ ሁኑ” ይላል። ይህንንም ያረቀቅሁት እኔ ነኝ።

ረቡዕ እኩለ ቀን ላይ የስፖርት አዳራሹ ሞላ፤ አራት መቶ አሥራ ሁለት ሰው። አዳራሹን የሰጡን እስከ ስምንት ሰዓት ነው፤ ከዚያ በኋላ የባድሜንተን ልምምድ አለ። ጉባኤውን የሚመሩት እንደ ሁልጊዜው ማዳም ጊሌን ነበሩ። ከወረቀት ፋብሪካው የሠራተኞች ማኅበር ጡረታ የወጡ የስልሳ ስድስት ዓመት ሴት ናቸው። የራሳቸውን የእንጨት መዶሻ ከቤታቸው ይዘው ይመጣሉ። ለማንም አያደሉም፤ ለሕግ ብቻ ያደላሉ።

ማይካ ከማቆያው በምሳ ሰዓቷ በአውቶቡስ መጥታ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጠች። ሽርጧን እንኳ አላወለቀችም። ሳምንቱን ሙሉ የጻፈችውን አራት ገጽ ንግግር ይዛለች። እንድታነብልኝ ብለምናት “እዚያው ትሰሚዋለሽ” ብላኝ ነበር። ከሎራንስ በኋላ በግራው ዓምድ የመጀመሪያዋ እሷ ናት።

ሎራንስ የውሳኔ ሐሳቡን አቅርባ ተቀመጠች። ተጨበጨበ።

“ቀጣይ ተናጋሪ” አሉ ማዳም ጊሌን።

የቀኙን ዓምድ አየሁት። ባዶ ነው።

“ወንድ የለም” አልኩ።

“ሴትስ?”

“ሠላሳ አንድ።”

“እንግዲያው ወንድ እንጠብቃለን።”

ሰው ሳቀ። ማዳም ጊሌን አልሳቁም። ሳቁ ቀስ እያለ ጠፋ፤ ከዚያ በኋላ የተሰማው የማሞቂያው ድምፅ ብቻ ነው።

ሎራንስ ተነሳች። “ማዳም ጊሌን፣ ወንድ ካልፈለገ ቀጣይዋ ሴት ትናገራ።”

“በየትኛው ሕግ?”

“በ... በልማድ።”

“ልማድ እስከ መስከረም ነበረ። ከዚያ እናንተ ሕግ አወጣችሁ። አሁን ደግሞ ያለ ተራሽ እየተናገርሽ ነው፤ ተቀመጪ ቆንጆዬ።”

“እንግዲያው ሕጉን እናሻሽለው።”

“ማሻሻያ የሚቀርበው በተራ ነው። ተራው የወንድ ነው።”

ከነርሲንግ አንዷ ከኋላ ጮክ ብላ “በቃ ወደ ድምፅ እንሂድ” አለች።

“እሱም በተራ ነው” አሉ ማዳም ጊሌን፤ ከዚያም አንገታቸውን ወደ እኔ አዞሩ። “ሕጉን የጻፍኩት እኔ አይደለሁም።”

ያን ጊዜ ነው ማርክ-አንትዋንን ያየሁት። ማርክ-አንትዋን የቢዝነስ አስተዳደር ተማሪ ነው፤ ስድስተኛው ረድፍ ላይ እግሩን አነባብሮ ተቀምጧል። አድማው ትምህርቱን ወደ ሰኔ ከገፋው የያዘው የበጋ ሥራ ያመልጠዋል፤ ክፉ ሆኖ አይደለም። ጠዋት በኮሌጁ ላሉ ወንዶች ሁሉ “ዛሬ ማንም እጁን አያውጣ” የሚል መልእክት እንደላከ በኋላ ነው የሰማሁት። እኛ ያወጣነውን ሕግ ቁጭ ብሎ ያነበበ አንድ ሰው በኮሌጁ ውስጥ ነበረ፤ እሱም ከእኛ ወገን አልነበረም።

ከእኛ ወገን የሆኑ ወንዶች አልነበሩም ወይ ትሉኝ ይሆናል። ነበሩ። አሥራ ስድስት ናቸው፤ ሁሉም ደረታቸው ላይ የኮሚቴያችንን አርማ ለጥፈዋል። አለቃቸው ኤትየን ይባላል፤ የሶሲዮሎጂ ተማሪ ነው። በመስከረም ጉባኤ ላይ የወንድ ድምፅ ይበቃል፣ እኔ ዓመቱን ሙሉ በጉባኤ ላይ አልናገርም ብሎ ቃል ገብቷል፤ አሥራ አምስቱም ተከትለውት ቃል ገብተዋል። ዝም እንደሚል ለማስረዳት ዘጠኝ ደቂቃ ተናገረ።

በቅንድቤ ጠቀስኩት። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ዓይኑን ጨፈነ። ወረቀት ላይ “ተናገር” ብዬ በትልቁ ጽፌ ብድግ አደረግኩለት። ካነበበ በኋላ ራሱን በሐዘን ነቅንቆ ግድግዳው ላይ ወዳለው ማስታወቂያችን ጠቆመኝ።

ሎራንስ ጎንበስ ጎንበስ እያለች ሄዳ አጠገቡ ተንበረከከች። ጠረጴዛዬ ቅርብ ስለሆነ እሰማቸዋለሁ።

“ኤትየን፣ ተነስና የሆነ ነገር በል።”

“አልችልም። ቃል ገብቻለሁ።”

“ቃል የገባኸው ለእኛ ነው። እኛው ነን ተናገር የምንልህ።”

“እሱ እኮ ነው ችግሩ ሎራንስ። ወንድ ልጅ ሁልጊዜ ለመናገር ምክንያት አያጣም።”

“ኤትየን፣ እለምንሃለሁ።”

“ይሄ ለእኔም ቀላል እንዳይመስልሽ” አለ። እንባው መጥቶ ነበር።

አንድ ሰዓት ሙሉ እንዲህ ተቀመጥን። አራት መቶ አሥራ ሁለት ሰው፣ ድምፅ የለም። ከነርሲንግ ሁለቱ ሹራብ መሥራት ጀመሩ። ማዳም ጊሌን ከፔርሙዛቸው ሾርባ ቀድተው ጠጡ። የባድሜንተን ልጆች በሩ ላይ መጥተው ቆሙ። የሚገርመው፣ በኮሌጁ ታሪክ ወንዶቹ በአንድ ጉባኤ ላይ ይህን ያህል ዝም ብለው አያውቁም፤ የለመንነው ሁሉ ተፈጽሟል። ማይካ ወረቀቷን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ ታነባለች። አንዴ ቀና ብላ አየችኝ። በዓይኗ አልወቀሰችኝም። ብትወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር። በገዛ እጄ በጻፍኩት መስመር ልጅቷን ከትምህርት ላስባርራት ነው።

ሰባት ሰዓት ከአርባ ሲሆን እስክሪብቶዬን አስቀምጬ ተነሳሁ።

“መዝጋቢ፣ ወዴት?” አሉ ማዳም ጊሌን።

“ሽንት ቤት።”

“ሽንት ቤቱ በዚህ በኩል ነው።”

“አውቃለሁ” አልኩና በአዳራሹ መሀል እስከ መጨረሻው ረድፍ ሄድኩ። እዚያ የሲቪል ልጆች ተደርድረው ተቀምጠዋል፤ ጥጉ ላይ የአክስቴ ልጅ ስቲቭ ድንች ጥብስ ይበላል።

“ስቲቭ።”

“ካሮላን። ያንቺ ቦታ እዚያ አይደል እንዴ?”

“እጅህን አውጣ።”

“ለምን?”

“ወንድ ስለሆንክ።”

“ተይኝ ባክሽ። ማርክ-አንትዋን ማንም እንዳይናገር ብሏል።”

“በጥቅምት ከልምምድህ ስንት ቀን ቀረህ?”

ማኘኩን አቆመ። “አምስት።”

“የት ነበርክ?”

“አደን ነዋ። ምን ትጠይቂኛለሽ፣ የአጋዘኑን ሥጋ አብረሽ በልተሻል።”

እውነቱን ነው። አክስቴ የአጋዘኑን አንድ ታፋ ልካልን እኔና ማይካ እስከ ገና በልተነዋል።

“እንግዲያው እሱን ተናገር” አልኩት።

“ስለ አጋዘን? እዚህ? ማርክ-አንትዋን ይገድለኛል።”

“እናትህ ትቀድመዋለች። ካልተነሳህ አሁኑኑ ነው የምደውልላት፤ አንዲት እናት ልጇን ስላስታመመች ስትባረር ስቲቭ ድንች ይበላ ነበር ነው የምላት።”

አክስቴን የማያውቅ ሰው ይህን እንደ ቀልድ ሊወስደው ይችላል። ስቲቭ ያውቃታል። እጁን በሱሪው ጠረገና አወጣ።

ተመልሼ ተቀመጥኩና በቀኙ ዓምድ ስሙን ጻፍኩ። ማርክ-አንትዋን ዞሮ “ስቲቭ፣ አንተ ሰውዬ፣ አበድክ?” አለው። ማዳም ጊሌን መዶሻቸውን መቱና “ያለ ተራህ ነው፤ ወይስ ልመዝግብህ?” አሉት። ወደ ፊቱ ዞረ።

ስቲቭ ማይኩን እንደ ጋለ ብረት በሁለት ጣት ያዘው።

“እኔ ስቲቭ እባላለሁ፣ ሲቪል ነኝ። በጥቅምት ከልምምድ አምስት ቀን ቀርቻለሁ። አደን ሄጄ ነው። ስመለስ አለቃዬ ‘ትልቅ ነበር ወይ?’ አለኝ። ትልቅ ነበር አልኩት።” ትንሽ አሰበ። “ሌላ ነገር አልጠየቀኝም። አበቃሁ።”

ተቀመጠ። አዳራሹ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ እሱን ነው የሚያየው። ድንቹን መልሶ አልነካውም።

“ቀጣይ ተናጋሪ” አሉ ማዳም ጊሌን።

“ማይካ ቤሊል” አልኩ። ድምፄ ተሰበረ፤ መዝጋቢ ድምፁ አይሰበርም።

ማይካ ማይኩ ጋ ስትደርስ ሰባት ሰዓት ከሃምሳ ሁለት ነበር። ስምንት ደቂቃ ቀርቷል። የቀኙ ዓምድ እንደገና ባዶ ነው፤ ማርክ-አንትዋን ዞር ዞር እያለ ወንዶቹን አንድ በአንድ በዓይኑ ይይዛቸዋል። ስቲቭን ሁለት ጓደኞቹ ግራና ቀኝ ትከሻውን ይዘውታል። በአንድ ተራ የሚፈቀደው ደግሞ አንድ ነገር ነው፤ ወይ ንግግር ወይ ጥያቄ። አራቱን ገጽ ካነበበች ወደ ድምፅ እንሂድ የሚለው ለቀጣዩ ወንድ ይቀራል፤ ቀጣይ ወንድ የለም።

ሰዓቱን አየች። የእኔን ጠረጴዛ አየች። ከዚያ ወረቀቱን አጠፈችው።

“ወደ ድምፅ እንሂድ” አለችና ተቀመጠች።

“የሚደግፍ አለ?” አሉ ማዳም ጊሌን። ሁለት መቶ እጅ ወጣ። ስለ ድጋፍ ተራ ሕጌ ምንም አይልም፤ ረስቼው ነበር። በዚያ ሕግ ውስጥ የሠራሁት ትክክለኛ ነገር እሱ ብቻ ነው።

ሁለት መቶ ሠላሳ ሦስት ለአንድ መቶ ስልሳ ስምንት፣ አሥራ አንድ ድምፀ ተአቅቦ። አለፈ። ኤትየን ተአቀበ።

ዓርብ ዕለት ዲኑ ሰኞ ሊመጣ ያለውን አድማ አስበው ፈቃዱን ፈረሙ፤ ማይካም ዓመቱን ከመድገም ዳነች። የከተማው ጋዜጣ የስቲቭን ፎቶ በፊት ገጹ አወጣው፤ ከሥሩ “ለሴቶች እኩልነት ድምፁን ያሰማው ወጣት” ይላል። አክስቴ ፍሬም አስገብታ ሳሎኗ ሰቀለችው። እኔ ከጠረጴዛ በመነሳቴና የሌለ ሽንት ቤት በመፈለጌ ተግሣጽ ተጻፈብኝ፤ ቃለ ጉባኤውን የምጽፈው እኔ ስለሆንኩ ራሴው ጻፍኩት። በዚያው ቃለ ጉባኤ ላይ የስቲቭ ንግግር አራት መስመር ያዘ። በማይካ ስም ትይዩ የሰፈረው “ወደ ድምፅ እንዲኬድ ጠየቀች” የሚል ብቻ ነው። እሱን ስጽፍ አለቀስኩ።

ቃለ ጉባኤውን የጻፍኩ ዕለት አመሻሽ ላይ ማይካ ዕቃ ታጥባለች፤ ኦፌሊ ጠረጴዛው ሥር ከማንኪያ ጋር ታወራለች።

“ይቅርታ አድርጊልኝ” አልኳት። “ንግግርሽን ያስቀረብሽ የእኔ ሕግ ነው። ምን ልትናገሪ ነበር?”

ማጠቧን አላቆመችም።

“በመጀመሪያው ቀን አልቀረሁም” አለች። “ትኩሳቷ ሠላሳ ዘጠኝ ገብቶ፣ ለጎረቤታችን ሰጥቻት ሄድኩ። አንቺ ወላጆችሽ ጋ ነበርሽ። የስምንት ሰው ልጅ አፍንጫ ስጠርግ ዋልኩ። ማቆያው ስልክ አያስይዝም። ስመለስ ጎረቤታችን በር ላይ ቆማ ታለቅሳለች፤ ኦፌሊ ተንቀጥቅጣ ራሷን ስታ፣ አምቡላንስ ወስዷት። ሦስቱ ቀን ከዚያ በኋላ ነው።”

“ማይካ፣ እኔ እኮ ጉንፋን ነው ያልሽኝ።”

“አዎ፣ ጉንፋን ነው ያልኩሽ። ለአራት መቶ ሰው ግን ላነበው ነበር። የሚያስለቅሰው ቦታ ላይ አስምሬበታለሁ፣ እዚያ ጋ ቆም እንድል።”

“ቢሰሙት ኖሮ ከዚህም የበለጠ ድምፅ እናገኝ ነበር” አልኩ። ሞኝ ነኝ።

ሳህኑን አስቀመጠችና ዞረች። አልተቆጣችም፤ ደክሟት ነበር።

“ስቲቭ አምስት ቀን ቀረሁ አለ፤ ትልቅ ነበር ወይ አሉት፤ ተቀመጠ” አለች። “ማንም አልቅስ አላለውም። እኔም እንደሱ መቅረት ነው የምፈልገው ካሮላን።”

ፎጣ አንስቼ የታጠበውን ማድረቅ ጀመርኩ።